84 ኮር በ16 ኮር ላይ፦ ኮር ቀንሰን ያፈጠንነው ሰርቨር

ሐምሌ ሲገባ ከሒሳብ ክፍል ስልክ ባይደወልልኝ ደስ ይለኛል። ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ ኦዲተሮች ደጅ ላይ ናቸው፣ ሁሉም ሰው ያንኑ ሪፖርት በዚያው ሰዓት ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሲስተም የለም።»

«እትዬ፣ ጭራሽ አይከፍትም ወይስ ይንቀራፈፋል?»

«መክፈቱንስ ይከፍታል። ሪፖርቱን ተጭኜ፣ ወርጄ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ስመለስ ገና ይሽከረከራል። ይሄ አለ ይባላል?»

አይባልም። በሰዓት ያዝኩት፤ 11 ደቂቃ ፈጀ። ያንኑ ሪፖርት ማታ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ስሞክረው 3 ደቂቃ ነው። መሃል ላይ ያለው 8 ደቂቃ የት እንደሚሄድ ለማወቅና ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደብኝ። ምክንያቱ ሲገኝ ደግሞ ግማሹ የእኔው ጥፋት ሆኖ ተገኘ።

የድርጅቱ ስም ይቆየን። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ መካከለኛ ድርጅት ነው። 60 ገደማ ኮምፒውተር አለው፤ ሰርቨሩ ግን አንድ ነው። ዴል ፓወርኤጅ አር730፤ ውስጡ ሁለት ኢንቴል ዢዮን ኢ5-2620 ቪ4 ፕሮሰሰር። እያንዳንዱ 8 ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) አለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.1 ጊጋኸርዝ ነው። ራሙ 128 ጊጋባይት። ላዩ ላይ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ 6.7 (ሃይፐርቫይዘር የሚሉት፣ አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽን የሚያካፍል ሶፍትዌር) ተጭኖ 11 ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች፣ ይሠሩበታል። 16 ኮር፣ 11 ማሽን። ሲሰሙት የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

የሚያስጨንቀው ያደልነው ኮር ነው። ያን ዕለት ወረቀት አውጥቼ ደመርኩት። የሒሳብ ሠራተኞቹ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሰርቨሩን ስክሪን ከርቀት እያዩ) የሚገቡበት ማሽን 16 ኮር። ዳታቤዙ 8። ሁለቱ ዶሜይን ኮንትሮለሮች (የሠራተኛውን ስምና የይለፍ ቃል የሚያረጋግጡት) 4 እና 4። (ሁለቱም እዚያው ሰርቨር ላይ ናቸው። ሐሳቡ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ነበር፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ግን ተያይዘው ነው የሚወድቁት። እሱን ለሌላ ቀን።) ፋይል ሰርቨሩ 8። የሰው ኃይልና ደመወዝ ሲስተሙ 8። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያው 4። የአንቲቫይረሱ ማዕከል 4። ባክአፑ 8። የድሮው ፒችትሪ መዝገብ ያለበት ማሽን 8። ሥራ የለቀቀ ፕሮግራመር ለሙከራ ያስከፈተው ማሽን ደግሞ 12። ድምሩ 84 መጣ።

ከ16 በላይ ማደል በራሱ ወንጀል አይደለም። ሃይፐርቫይዘር የተሠራውም ለዚሁ ነው። አብዛኛው ማሽን ተኝቶ ነው የሚውለው፤ የተኛ ማሽን ኮር አይፈልግም። ለአንድ እውነተኛ ኮር ሦስት አራት ቨርቹዋል ኮር ሰጥተው በሰላም የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የእኛ ጉድ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው። አንድ ማሽን በተንቀራፈፈ ቁጥር ኮር ይጨመርለታል። ዳታቤዙ ሲጀመር 2 ነበረው። ሶፍትዌሩን የሠሩልን ሰዎች «ኮር ጨምሩለት» አሉን፤ 4 አደረግነው። ለውጥ የለም። «ጨምሩለት» አሉን፤ 8 ሆነ። አሁንም ለውጥ የለም። «ካልጠቀመው እንመልሰው» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የተሰጠ ኮር እንደ ሠርግ ስጦታ ነው፤ ማን ደፍሮ ይመልሳል?

ከውስጥ ሲያዩት ጤነኛ

መጀመሪያ ያየሁት ማንም የሚያየውን ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ገብቼ ታስክ ማናጀር ከፈትኩ፤ ሲፒዩው 13 በመቶ ላይ ነው። የሒሳቦቹ ማሽን 30 በመቶ። ሰርቨሩ ራሱ 65 በመቶ አካባቢ። በቃ፣ ችግሩ ሲፒዩ አይደለም አልኩ። ከዚያ ወደ ዲስኩ፣ ከዲስኩ ወደ ኔትወርኩ ሄጄ ግማሽ ቀኔን አቃጠልኩ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ያ 13 በመቶ ግን በአእምሮዬ ቀረ። ሪፖርቱ ሲጀምር 13 ይሆናል፣ እስኪያልቅ 13 ነው። አይወርድም፣ አይወጣም። ያን ጊዜ ምን እያለኝ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽን መተኛቱን ከውስጥ ሆኖ አያውቅም። ሃይፐርቫይዘሩ ከኮሩ ላይ አንስቶ ወረፋ ሲያስይዘው፣ ለማሽኑ ያ ጊዜ እንዳልነበረ ነው። ሰው ሲነቃ ስንት ሰዓት እንደተኛ ከግድግዳ ሰዓት ካላየ እንደማያውቀው ማለት ነው። ታስክ ማናጀር ያለው ደግሞ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው። የግድግዳው ሰዓት ያለው ከውጭ፣ ሃይፐርቫይዘሩ ጋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በኤስኤስኤች (በትእዛዝ መስመር) ወደ ኢኤስኤክስአይ ገብቼ ኢኤስኤክስቶፕን፣ ማሽኖቹ ኮሩን እንዴት እንደሚካፈሉ የሚያሳየውን፣ ከፈትኩ። ጥቁር ስክሪን፣ በየ5 ሰከንዱ የሚገላበጡ ቁጥሮች። ከዓምዶቹ መካከል ሬዲ የሚባል አለ። «ሥራ አለኝ፣ ተዘጋጅቻለሁ፣ ኮር ግን አላገኘሁም» ብሎ ማሽኑ የቆመበትን ጊዜ በመቶኛ ይነግራል። የሒሳቦቹ ማሽን አጠገብ 196 ይላል።

በመቶኛ 196! ደነገጥኩ። ከዚያ ረጋ ብዬ ሳስብ፣ ይህ ቁጥር የማሽኑ ኮሮች ሁሉ ድምር ነው። ለ16 ሲካፈል ለአንድ ኮር 12 በመቶ ይመጣል። ድንጋጤዬ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ለእያንዳንዱ ኮር ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ሰው ልብ አይለውም። ከ10 ሲያልፍ ስልክ መደወል ይጀምራል። 12 ማለት ማሽኑ ከ10 ሰከንድ ውስጥ ከ1 ሰከንድ በላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ፣ በየጥቂቱ እየተቆራረጠ።

በዌብ ገጹ ግራፍ ለምታዩ ሰዎች፣ እዚያ ሬዲ በመቶኛ አይጻፍም፤ በሚሊሰከንድ ነው። የቅርብ ጊዜው ግራፍ በየ20 ሰከንዱ ስለሚለካ ሙሉው 20,000 ነው። ለአንድ ኮር 2,000 ካነበባችሁ 10 በመቶ ነው። የማሽኑን ድምር ካነበባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ለኮሮቹ ብዛት ማካፈል ነው። ይህን ሳያካፍል «ሰርቨሩ ሞቷል» ብሎ አለቃውን ያስደነገጠ ሰው አውቃለሁ። እኔም ለጥቂት ነው ያመለጥኩት።

ስምንት ሆኖ ታክሲ መጠበቅ

ከሬዲው ጎን ሌላ ዓምድ አለ፤ ኮስቶፕ ይባላል። የሒሳቦቹ ማሽን እዚያም 70 ገደማ ነበረው። ይህን ለአለቃዬ ለማስረዳት የተጠቀምኩት የታክሲ ወረፋ ነው፤ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም።

መገናኛ፣ ጠዋት። ሚኒባስ ይመጣል። ወያላው «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ብቻውን የቆመ ሰው ዘሎ ይገባል። ስምንት ሆነው ለሠርግ የሚሄዱ ዘመዳሞች ግን አብረን ካልተሳፈርን ብለው ይቆማሉ። ባዶ ወንበር እያለፋቸው፣ ባዶ ወንበር እያለፋቸው፣ ረፋዱ ይደርሳል። ወንበሮቹን አንድ ላይ ብትቆጥሯቸው ለስምንቱም ይበቁ ነበር። አብረው ግን አልመጡም።

በድሮው ኢኤስኤክስ 2 ነገሩ በቀጥታ እንዲህ ነበር፤ የአንድ ማሽን ኮሮች በሙሉ ካልተሳፈሩ አንዱም አይሄድም። ከኢኤስኤክስ 3 ጀምሮ ላላ። ዘመዳሞቹ በተለያየ ታክሲ መሄድ ተፈቀደላቸው፣ ግን በጣም እንዳይራራቁ። ቀድመው የደረሱት የቀሩት እስኪደርሱ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ኮስቶፕ ያ መቆም ነው። እንዲህ የሚደረገውም ለክፋት አይደለም። አንዱ ኮር ቁልፍ ይዞ ከተኛ ሌሎቹ ያን ቁልፍ እየጠበቁ በከንቱ ስለሚሽከረከሩ ነው።

ስለዚህ ለማሽን 16 ኮር ስትሰጠው ጉልበት ሰጠሁት ብለህ ታስባለህ። በተጨናነቀ ሰርቨር ላይ ግን የሰጠኸው 16 ዘመድ ነው።

«ሰርቨሩ እኮ 32 ያሳያል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አንዱን ኮር ሁለት አድርጎ የሚያሳየው ሃይፐርትሬዲንግ ስለበራ 32 ያሳያል። ያ ደግሞ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ነው። ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራት ይቀመጣል። አንድ ሰው ተጨማሪ ሄደ፣ ጥሩ ነው፤ ወንበሩ ግን አልጨመረም። እንደ ሥራው ዓይነት ከ20 እስከ 30 በመቶ ካተረፋችሁ ደስ ይበላችሁ። እኔ ኮር ሳድል 16 ብዬ ነው የምቆጥረው፤ ትርፉን ለመጥፎ ቀን እተወዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ይህ ሰርቨር ሁለት ፕሮሰሰር ነው ያለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ራም አለው። 16 ኮር ያለው ማሽን የግድ በሁለቱ ላይ ይሰነጠቃል። አንዱ ጎን ሆኖ በሌላው ጎን ያለ ራም ሲፈልግ ቤት ውስጥ ያለ ጨው ትቶ ጎረቤት እንደመሄድ ነው። ይገኛል፤ ግን ደርሶ መልስ አለው። 8 ወይም ከ8 በታች የሆነ ማሽን አንዱ ፕሮሰሰር ላይ ከነራሙ ይገጥማል። ኑማ የሚባለው ጉዳይ ለእኛ ዓይነት ሰርቨር ከዚህ በላይ መራቀቅ አያስፈልገውም።

በዚያ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ምን ነበር? አንቲቫይረሱ። አንድ ሰው በአንድ ወቅት «ሠራተኛ ገብቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ ይፈተሽ» ብሎ ያወጣው መርሐ ግብር ለሰርቨሮቹም ደርሷቸዋል። 11ዱም ማሽኖች ልክ 3 ሰዓት ላይ ተነስተው ፋይላቸውን ይፈትሹ ነበር። ሥራ የለቀቀው ልጅ ባለ 12 ኮር ማሽን ሳይቀር። ባለቤት የሌለው ማሽን በየጠዋቱ ተነስቶ ራሱን ይመረምራል!

13 በመቶ ምን ነበር?

አሁን ወደ ዳታቤዙ። ሬዲው ያን ያህል አስደንጋጭ አልነበረም፤ ለአንድ ኮር 6 በመቶ አካባቢ። ማታ 3 ደቂቃ የሚፈጀው ጠዋት 11 ደቂቃ ለመሆን ግን 6 በመቶ አይበቃም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እንጀራ እየቆረስኩ፣ መቶን ለስምንት አካፈልኩት። 12.5። ታስክ ማናጀር የሚያሳየው 13 ማለት ከ8ቱ ኮር አንዱ ብቻ እስከ ጥግ እየሠራ፣ ሰባቱ ቁጭ ብለዋል ማለት ነው። ምሳዬን ትቼ ሮጥኩ ብል ማጋነን ይሆናል። በልቼ ጨረስኩና ሄድኩ።

ዳታቤዙ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2017 ነው፤ ነፃው፣ ኤክስፕረስ የሚባለው። ሲነሳ የሚጽፈውን ሎግ ከፈትኩ። ከላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች መካከል፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ነገር ተጽፏል፦ 8 ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) አገኘሁ፣ በየሶኬቱ 1 ኮር፤ በፈቃዱ መሠረት 1 ብቻ እጠቀማለሁ።

ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይህንኑ ሲጽፍ ኖሯል። ያነበበው ሰው የለም።

ኤክስፕረስ ገደብ አለው። 1 ሶኬት ወይም 4 ኮር፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው የሚጠቀመው። ኢኤስኤክስአይ ላይ ማሽን ስትፈጥር ደግሞ ኮሮቹ በስንት ሶኬት ይከፋፈሉ የሚል ምርጫ አለ። በዚያን ጊዜው ቅጽ ካልነካኸው እያንዳንዱ ኮር ራሱን የቻለ ሶኬት ይሆናል። ለዊንዶውስ ግድ አይሰጠውም፤ 8ቱንም ያያል። ኤክስፕረስ ግን 8 ሶኬት አየ፣ አንዱን ወሰደ፣ ሰባቱን ተወ። 2 ሲሆን 1 ተጠቀመ። 4 ሲሆን 1 ተጠቀመ። 8 ሲሆንም 1። ሶፍትዌር ሠሪዎቹ «ጨምሩ» ሲሉን እኛም ስንጨምር ዳታቤዙ አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀመበትም። ለሌሎቹ ማሽኖች ግን ወረፋውን አረዘምንባቸው።

ያን ቅጽ ማን ሞላው? እኔ። በ2010 ዓ.ም.፣ በራሴ እጅ።

ሳስተካክል ሌላም አየሁ። ለዚህ ማሽን 32 ጊጋባይት ራም ሰጥተነው ነበር። ያ ኤክስፕረስ ለዳታ ማቆያ የሚጠቀመው ራም 1,410 ሜጋባይት ነው። የተቀረው ለጌጥ ነበር።

ገደቡ ከፍ ባሉት እትሞችም አለ፣ ከፍ ብሎ። ስታንዳርድ የሚባለው በዚያው በ2017ቱ ስሪት 4 ሶኬት ወይም 24 ኮር ነው። 16 ኮር ሰጥታችሁ በየሶኬቱ አንድ አንድ ካደረጋችሁት 4ቱን ብቻ ይሠራባቸዋል። ለዚያ ፈቃድ የከፈለ ሰው ይህን ሲሰማ ያመዋል።

«ኮር ልቀንስ»

በዚህ መሃል የአዲስ ሰርቨር ግዥ ተጀምሮ ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፤ ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል፤ አቅራቢዎቹ «ዛሬ ካልወሰናችሁ ነገ በዚህ ዋጋ የለም» ይላሉ። ለአለቃዬ ገብቼ «ከመግዛታችን በፊት አንድ ነገር ልሞክር» አልኩት።

«ምን?»

«ኮር ልቀንስ።»

ዝም ብሎ አየኝ። «ተንቀራፈፈ እያልን ትቀንሳለህ?»

የታክሲውን ወረፋ ነገርኩት። ሳቀ። «ሁለት ሳምንት አለህ» አለኝ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ብለውጥ የትኛው እንደጠቀመ አላውቅም። ስለዚህ ተራ በተራ። መጀመሪያ ያለምንም ለውጥ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ለካሁ። ኢኤስኤክስቶፕ ያነበበውን ወደ ፋይል የሚጽፍበት መንገድ አለው። በ30 ሰከንድ ልዩነት 1,200 ጊዜ አስነበብኩት፤ 10 ሰዓት ይሞላል፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12። ፋይሉ ኤክሴል ላይ ሲከፈት ዓምዱ ማለቂያ የለውም፤ ከሺዎቹ የፈለግኩት ከእያንዳንዱ ማሽን ሦስት ብቻ ነበር፦ የተጠቀመው፣ ሬዲው፣ ኮስቶፑ።

የተጠቀመው በኮር ሲቆጠር ዓይን ይከፍታል። 16 የተሰጠው የሒሳቦቹ ማሽን ሁሉም ሰው በገባበት በከፋው ሰዓት እንኳ ከ4 ኮር ብዙ አላለፈም፤ አንዴ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ 5 ደረሰ። ፋይል ሰርቨሩ አንድ ኮር አይሞላም። ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ከነመኖራቸውም አይሰሙ። ፒችትሪው ኦዲተር ካልመጣ ዜሮ ነው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ሰኞ ማታ የአንቲቫይረሱን ፍተሻ ወደ ሌሊት ወሰድኩት፣ ማሽኖቹንም በተለያየ ሰዓት በተንኳቸው። ማክሰኞ ጠዋት ሪፖርቱ ከ11 ወደ 8 ደቂቃ ወረደ። አንድ ኮር ሳይነካ። ረቡዕ ማታ ዳታቤዙን አጥፍቼ 8 ሶኬቱን 1 ሶኬት ባለ 4 ኮር አደረግኩትና አስነሳሁት። ሎጉ ላይ አሁን 4 እጠቀማለሁ ይላል። ሐሙስ ጠዋት 5 ደቂቃ። ኮሩን በግማሽ ቀንሰንለት ነው እንግዲህ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሲወጣ የቀሩት ተራ ደረሰ። ኮር ለመቀነስ ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ ሳያጠፉ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ ግን አይቻልም። የሒሳቦቹ ማሽን ከ16 ወደ 6። ፋይል ሰርቨሩ ወደ 2። ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ሁለት ሁለት። አንድም ይበቃቸው ነበር፤ ግን ዊንዶውስ አፕዴት አንዷን ኮር ሲይዛት ሰው መግባት እንዳይከለከል ብዬ ነው። የጣት አሻራውና የአንቲቫይረሱ ማዕከል 2 እና 2። ባክአፑ 4፣ ሌሊት ስለሚሠራ ለቀቅ አልኩለት። ፒችትሪው 2። የሰው ኃይልና ደመወዙም 2። የሙከራው ማሽን ጠፋ። ሁለት ወር ጠብቄ ማንም ካልጠየቀ እሰርዘዋለሁ አልኩ። ማንም አልጠየቀም።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ራሴ ሒሳብ ክፍል ሄጄ ቆምኩ። ሪፖርቱ 3 ደቂቃ ተኩል ፈጀ። ኢኤስኤክስቶፕ ላይ የሒሳቦቹ ማሽን ሬዲ ከ196 ወደ 11 ወርዷል፤ ለ6 ሲካፈል ከ2 በታች። ኮስቶፑ ዜሮ ላይ ነው፣ አልፎ አልፎ 1 ይላል። እኔን ከሪፖርቱ ይልቅ ያስደሰተኝ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ያለችው ነው፦ «ማውዙ ራሱ ቀለለኝ።» እውነቷን ነው። በሪሞት ዴስክቶፕ ስትሠሩ የምትጫኑት ሁሉ ሰርቨሩ ላይ ነው የሚጫነው። ሬዲ ሲከፋ ፊደሉ ራሱ ተጽፎ ሳይሆን ተለምኖ ነው የሚመጣው።

ደመወዝ ሲደርስ

ሁሉም ሰላም ሆኖ ቢቀር ደስ ባለኝ። ሐምሌ 27 የሰው ኃይል ክፍል ደወሉ። የደመወዝ ስሌቱ ከጠዋት ጀምሮ አላለቀም። ከውስጥም ከውጭም አየሁት፤ ሬዲ የለም፣ ወረፋ የለም፣ ግን ሁለቱም ኮር 100 ላይ ተጣብቀዋል። ይህኛው ወረፋ ሳይሆን እውነተኛ ረሃብ ነው።

የለካሁት በወሩ አጋማሽ ነው። ደመወዝ የሚሠራው በወሩ መጨረሻ ነው። በማይሠራበት ሳምንት ለክቼ «አንድ ኮር አይሞላም» ብዬ ፈርጄበታለሁ። እያዩኝ ማሽኑን አጥፍቼ 4 ሰጠሁት፤ ሳያጠፉ መጨመር የሚያስችለው ምርጫ አልተከፈተም ነበርና። ስሌቱም እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ያን ቀን ደመወዝ የዘገየበት ሰው ካለ፣ ይቅርታ።

ከዚያ በኋላ የኮሩ ድምር 30 ላይ ቆመ። ከ84 ወደ 30፣ በዚያው 16 ኮር ላይ። ፕሮፎርማዎቹ ፋይል ውስጥ ገቡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ማሽኖች አንድ ላይ የሚነሱበት ጊዜ ድሮ ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቅ ነበር፤ እሱም አጠረ፤ ይህን ጭራሽ አልጠበቅኩትም።

ቪኤምዌርን ብሮድኮም በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ ሲገዛው ፈቃዱ በኮር ቆጠራ፣ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ሆነ። በአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ተብሎ ነው የሚቆጠረው። የእኛ ሰርቨር ፕሮሰሰሩ 8 ቢሆንም እንደ 16 ይታሰባል፤ ለ16 ኮር የ32 ልንከፍል ነው። ወደ ሌላ ሃይፐርቫይዘር፣ ወደ ፕሮክስሞክስ፣ የተዛወርነው በዚህ ነው። እዚያም ወረፋው ያው ነው፤ ሊኑክስ ማሽን ውስጥ ቶፕ ከፍታችሁ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኤስቲ» እዩ፤ ማሽኑ ሊሠራ ፈልጎ የተከለከለበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ሃይፐርቫይዘሩ ራሱ ለማሽኑ ይነግረዋል። ሶኬትና ኮር ለየብቻ የሚሞሉበት ሳጥንም አለ፤ ኤክስፕረስ ካላችሁ ሶኬቱን 1 አድርጉት።

የቀረው ያ 3 ደቂቃ ነው። ማታም 3፣ ጠዋትም ከ3 ብዙ አይርቅም። ኤክስፕረስ አንድን ጥያቄ ለብዙ ኮር አከፋፍሎ አይሠራም። አራቱ ኮሮች የሚጠቅሙት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ነው፤ አንድ ሪፖርት ግን የሚሄደው በአንድ ኮር ፍጥነት ነው። ይህን ይዤ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ጋ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ «ኮር ጨምሩ» አላሉም። የሪፖርቱን ጥያቄ ከፍተው አዩና የጎደለ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ የሚፈልገውን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) ጨመሩበት። 20 ሰከንድ ሆነ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ያን ዕለት ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግከው?»

«ምነው እትዬ፣ ተበላሸ?»

«ተጫንኩት፣ ቦርሳዬን ሳላነሳ አለቀ። ማኪያቶዬን በምን ሰበብ ልውረድ?»